ከኮንጎ የሚመጣው ሰላምታ

በራዲዮ ሃያ አንድ ዓመት፣ በቴሌቪዥን ደግሞ ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ ዘፈን ሳስተዋውቅ ኖሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ «ሥራውን የት ተማሩት?» አለኝ። «ጎንደር ፒያሳ፣ ሰገነት ላይ» አልሁት። ሳቀ። ምኑ ያስቃል? እውነቴን ነው።

ነገሩ በኮንጎ ዘማቾች ጊዜ ነው። ጋሽ ዳኛው የሚባል የዘፈን ሸክላና የራዲዮ ነጋዴ ከሱቁ በላይ፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው ሰገነት ላይ፣ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ዘፈን ያሰማበታል፤ ሰው ሰብሰብ ሲል ራዲዮ ይሸጣል። እኔ ከሳንጃ የመጣሁ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስሁ ሱቅ ጠባቂ ነበርሁ። የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዳኛው ራሱ ሊናገር ወጣና፣ ማይክራፎኑን ሲይዝ የገዛ ስሙ ጠፋበት። «አድማሴ፣ እንካ አንተ ያዘው!» አለኝ። የእኔ ሹመት ይኸው ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ሰው ሰላምታውን በወረቀት ይጽፋል፤ እኔ አነብና ዘፈኑን አስከትላለሁ። ከሁሉ የማይቀረው የክንዱ ነበር። ክንዱ የአዘዞ ልጅ፣ ኮንጎ የዘመተ ወታደር ነው። ደብዳቤውን ለሱቁ ይልካል፦ «እኔ ደኅና ነኝ። ቦራው በሬ እንዴት ነው? ለእናቴ ለደብሪቱ አንድ ሸጋ ዘፈን።» በቃ፣ ሁልጊዜ ይችው ናት። እናቱ እትየ ደብሪቱ ግን በየቅዳሜው ከአዘዞ በእግሯ መጥታ ከሰገነቱ ሥር ትቆማለች። ስሟ ሲጠራ እልል ትልና ወደ ላይ አንጋጣ «በሬው ደኅና ነው በለው!» ትለኛለች። በዚያ ነገር መልስ እንደማይላክበት ማን ያስረዳት? «እሺ» እላለሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አያ ጎሹ፣ የክንዱ አጎት፣ ሱቅ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«ክንዱ አርፏል» አለ።

ማኪና ተገልብጣበት ነው። የጦሩ ወረቀት ለእሱ ደርሶታል።

«እናቱስ?» አልሁ።

«አልሰማችም። የእኅቱ ሠርግ ጥር ሃያ አምስት ነው፤ ጌሾው ተወቅጧል፣ ዘመድ ተጠርቷል። አሁን ከተረዳች ሠርጉም ቀረ፣ የዓለምወርቅም ቆማ ቀረች። መልሱ ካለፈ በኋላ እንነግራታለን።»

ይህስ የአገሩ ወግ ነው። መርዶ ጊዜ ይመረጥለታል፤ ቀኑ ሲደርስ ማለዳ ሽማግሌ ገብቶ፣ ለቅሶኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚነገር። እስከዚያ አገር ሁሉ አፉን ይለጉማል። የእኔ አፍ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ካልተከፈተ ሴትዮዋ ትጠረጥራለች።

«አንተ የእሱን ሰላምታ አንብብ» አለኝ አያ ጎሹ።

«ምኑን ነው የማነበው?»

«እንደሚጽፈው አድርገህ ጻፈዋ! ፊደል አልቆጠርህም?»

ዘጠኝ ቅዳሜ ጻፍሁ። ሁለቱን እንደ እሱ፣ ስለ በሬው ጻፍሁ። ከዚያ ሰለቸኝ። በሦስተኛው ትንሽ ናፍቆት ጨመርሁበት፤ ገበያው ጸጥ አለ፤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት እንባዋን ጠረገች። ወይ ጉድ፣ ጣመኝ! ከዚያ ወዲያ ልጁ መሞቱን ረሳሁት ብል ታዝኑብኛላችሁ፤ ግን ረሳሁት። ጨንቆኝ የሚያድረው ለቅዳሜ ምን ልበል የሚለው ነበር። ሰው ክንዱን ለመስማት ከአይከል ድረስ መምጣት ጀመረ። ራዲዮም ተሸጠ። ለጥምቀት የመጡ የአዲስ አበባ የራዲዮ ሰዎች ሰምተውኝ «ከፋሲካ በኋላ ና፣ ሥራ አለህ» አሉኝ። አያችሁ፣ እንጀራዬን ያገኘሁት በሞተ ሰው ነው።

ሠርጉ በደኅና አለፈ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላምታ የመጨረሻው እንዲሆን ከአያ ጎሹ ጋር ተስማማን። መጨረሻ ከሆነስ አሳምሬ ልዝጋው አልሁና «የእኅቴን ሠርግ ባላይም፣ እናቴ ሆይ፣ ለፋሲካ ቤቴ ነኝ» አልሁ። ምን ነካኝ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እትየ ደብሪቱ እልልታውን አቀለጠችው፤ ገበያው ሁሉ አጨበጨበላት።

ማክሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ደጇን አንኳኩ። አያ ጎሹ ተናገረ። እሷ አላለቀሰችም።

«ምላስህን ይቁረጠው!» አለችው። «ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል። ልጄ ቅዳሜ ያለኝን ማክሰኞ ታፈርሱብኛላችሁ?»

ወረቀቱን አሳዩአት። ማንበብ አትችልም፤ ብትችልም አታምነውም ነበር። ደጅ የቆመው ለቅሶኛ ደረቱን ሊመታ ያነሣውን እጅ መለሰ። ከሠርጉ የተረፈ ጠላ ቀድታላቸው፣ ጠጥተው ሄዱ። እንዲህ ያለ መርዶ በአዘዞ ታይቶ አይታወቅም።

አያ ጎሹ በዚያው እግሩ ሱቅ ድረስ መጣ።

«ምነው ፋሲካን አመጣህብኝ? የሰቀልኸውን አንተው አውርደው። ቅዳሜ በዚያ ነገር ንገራት።»

«መርዶ በድምፅ ማጉያ? በገበያ መካከል? አያ ጎሹ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሌላ አታምንማ!»

ቅዳሜ መጣች። ለሠርጉ የተሰፋውን ቀሚስ ለብሳ ከቦታዋ ቆመች። የሌላውን ሰው ሰላምታ አንድም ሳላስቀር አነበብሁ። ተራው የክንዱ ሲሆን ማይክራፎኑን ያዝሁና «ለእትየ ደብሪቱ» አልሁ። ቀጥሎ ያለው አልወጣም። እልል ልትል አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ማጉያውን አጥፍቼ፣ ደረጃውን ወርጄ አጠገቧ ቆምሁ። ፊቴን አየችው።

«አልጻፈም?» አለችኝ።

«አልጻፈም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልጻፈ?»

«ከኅዳር።»

ነጠላዋን አወረደችና ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው። ሰዉ ይህን ሲያይ ዙሪያችንን ለቀቀ።

«የበሬው ሰላምታ የማን ነው?» አለች።

«የእሱ ነው።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ። ያችስ? ‹እዚህ አገር ዛፍ ሞልቷል፤ አንቺን የሚያህል ጥላ ግን አላገኘሁም› ያላት?»

ያች የታኅሣሥ ናት። ሦስት ቀን የደከምሁባት፣ ከጻፍኋቸው ሁሉ ሸጋዋ።

«ቀድማ የመጣች ናት» አልሁ። «ለበዓል ብዬ አቆይቻት ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ትመነኝ አትመነኝ እስካሁን አላውቅም።

«እንግዲያ እሷን ይዤ እገባለሁ» አለችና መንገዷን ጀመረች።

በለቅሶው ሜዳ መካከል ቆማ ያችኑ ቃል አወጣች። አልቃሾቹ ተቀበሏት። ጥላ አጣሁ ያለው ልጅ፣ ጥላዬ እሱ ሆኖ ሳለ፣ እያለች ደረቷን ደቃች። ሦስት ቀን ሙሉ አዘዞ በእኔ ቃል አለቀሰ። እኔም ከወንዶቹ መካከል ቆሜ ምርር ብዬ አለቀስሁ። አያ ጎሹ ከፊት ለፊቴ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

በሦስተኛው ቀን የዓለምወርቅ፣ ሙሽራዋ፣ ፊቷ እንዳበጠ ወደ እኔ መጣች።

«ወንድሜ እንዲህ ያለ አንደበት እንዳለው እኮ አላውቅም ነበር» አለችኝ።

«ነበረው» አልኋት።