ከሣጥኑ ሥር ያለችው ከተማ

ሰውዬውን ሰፈር ሙሉ «ጋሽ ካርታ» ነው የሚለው። የማያውቀው ታዲያ ቁማርተኛ ይመስለዋል። እሱ እቴ! ካርታ በእጁ ይዞ አያውቅም። ሥራው በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የአገሪቱን ካርታ በዘይት ቀለም መሣል ነው። ተራራው ቡናማ፣ ወንዙ ሰማያዊ፣ ከተማው ቀይ። ትልቅ ከተማ በትልቅ ክብ፣ መካከለኛው በትንሽ ክብ፣ የቀረው በነጥብ።

የአገሪቱ ከተሞች አቀማመጥ ደግሞ፣ ከተነሣ አይቀር፣ ጤና የለውም። መሀል አገር ላይ ክቦቹ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ፤ የአንዱ ስም ሌላው ላይ እንዳይወጣ ጋሽ ካርታ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚጽፈው። ወደ ምሥራቁ ጥግ ሲኬድ ግን ቡናማ ብቻ ነው። ስለዚህ መፍቻውን፣ ያቺን «ይህ ክብ ትልቅ ከተማ፣ ይህ ነጥብ ትንሽ ከተማ» የምትለዋን ሣጥን፣ ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ይሥላታል። ሌላ ቦታ ከየት ይምጣ? ሰው ዕቃውን ባዶ ጥግ ላይ አይደል የሚያስቀምጠው?

አንዲት ልጁ መምህርት ሆና ዕጣ ስታወጣ፣ የደረሳት ከተማ አባቷ በሣለው የግድግዳ ካርታ ላይ ጠፋ። አባትና ልጅ ቢፈልጉ ቢፈልጉ የለም። ኋላ ጋሽ ካርታ የሚገለብጥበትን የወረቀት ካርታ ዘርግቶ ሲያይ፣ ከተማዋ ለካ ከሣጥኑ ሥር ናት። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሣጥን ውስጥ ልገባ ነው ብላ እናቷ ላይ ብትቀልድ ግን የእናት ፊት ጠቆረ። ሣጥን የሚባል ቃል ከልጇ ስም አጠገብ እንዲጠራ አልፈለገችም። የትኛዋ እናት ትፈልጋለች?

ልጅቷ ሄደች፣ አገሩን ወደደችው፣ እዚያው የስፖርት አስተማሪውን አግብታ አረገዘች። ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ልትመጣ ተስማምታ ነበር፤ ምጡ ግን ሳይጠሩት ቀድሞ መጣ። ባሏ ደውሎ ሆስፒታል መግባቷን ሲናገር ድምፁ ልክ አልነበረም። እናት ጉልበቷ ረጅም መንገድ አይችልም። ጋሽ ካርታን በሩ ላይ ይዛ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ልጄን ከዚያ ሣጥን አውጣልኝ።»

አውቶቡሱ መሀል አገርን እስኪያልፍ አንዱ ከተማ ሳያልቅ ሌላው ይጀምር ነበር፤ እዚህ ጋራዥ፣ እዚያ ፎቅ፣ እዚህ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል። ከዚያ ከተሞቹ ተራራቁ። ከዚያም ጠፉ። ጋሽ ካርታ ዕድሜ ልኩን በአንድ የብሩሽ ምት የሚያልፈው ቡናማ ቀለም፣ በመስኮት ሲያዩት እንዲህ የማያልቅ ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። ሲነጋ ደረሰ። ከመናኸሪያው ወደ ሆስፒታሉ ሲሮጥ በየደጁ መቃን ላይ በቀለም የተጻፈ ፊደል አየ፤ አንዱ ጋ ኤ፣ አንዱ ጋ ቢ፣ አንዱ ጋ ኦ። የቤት ቁጥር መሰለውና አለፈው።

ሕፃኗ በሰላም ተወልዳለች። የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ደም ይሰጣት ዘንድ ግድ ነው፤ የደም ባንክ ያለው ደግሞ ትልቁ ከተማ፣ ጋሽ ካርታ ትናንት ጥሎት የመጣው ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ፤ ደሙ አልገጠመም። ባሏም ሞከረ፤ አልገጠመም። ያኔ ነርሷ ብቅ ብላ በሩ ላይ የቆመውን የሆስፒታሉን ዘበኛ አየችና «ኦ!» አለች።

ጋሽ ካርታ አበቃ አለ በልቡ። ነርስ ከሕመምተኛ ክፍል ወጥታ «ኦ!» ካለች ምን ቀረ? ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዘበኛው ግን ዱላውን ጥሎ እየሮጠ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ ዱቄት እንደሆነ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተከተለች። ከኋላ መኪና አጣቢው፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ክንዳቸውን ገልጠው ተራ ያዙ። ጋሽ ካርታ ግራ ገብቶት ሲያያቸው ነርሷ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ትልቁ ከተማ ለእኛ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የደማችንን ዓይነት ደጃችን ላይ ጽፈናል። ኦ ሲባል፣ ኦ ያለበት ቤት ይንኳኳል።»

ወይ ጉድ! ለአገሩ ሁሉ መፍቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ የዚችን ከተማ መፍቻ ሳያነብ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ከንፈር ደም መሰለ። ዓይኗን ገልጣ አባቷን ስታይ ከሣጥኑ ሥር እንዴት ገባህ አለችው። እሱ ሊስቅ ብሎ አለቀሰ።

በማግሥቱ ሊያመሰግን በየደጁ ዞረ። ውለታ መላሽ ያድርገኝ እያለ ሲያስቸግራቸው፣ ዳቦ ጋጋሪው ለገዛ ሚስቱ ደም የሰጣት መኪና አጣቢው መሆኑን፣ ለመኪና አጣቢው ደግሞ ማን እንደሚሰጥ ገና እንዳልታወቀ ነገረው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ይልቅ ሙያህ ቀለም ከሆነ የደጄ ፊደል ደብዝዟል አለው። ጋሽ ካርታ ምን ይፈልግ! ልጁ አገግማ እስክትነሣ የከተማዋን ፊደል ሁሉ አደሰ። እንደዚያ ደስ ብሎት ሠርቶ አያውቅም።

ቤቱ ተመልሶ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሣለው የመጀመሪያ ካርታ፣ ሣጥኗ ከክፈፉ ውጪ፣ ከግርጌ ነበረች። ምሥራቁ ጥግ ላይ በደንቡ መሠረት ትንሽ ቀይ ነጥብ አስቀመጠ። ሚስቱን እንድታይ አመጣት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

ጎንበስ ብላ ነጥቧን ሳመቻት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ከንፈሯ ቀላ፤ ነጥቧም ተድጣ ተድጣ ትልቅ ክብ አከለች። ጋሽ ካርታ ሊያስተካክል ጨርቁን አነሣ፤ ደንቡ አይፈቅድማ።

«ተወው፤ ልጄን ያተረፈ ከተማ ነው» አለችው።

ጨርቁን ኪሱ ከተተ። ወደ ቤት ሲሄዱ ጎረቤት ሁሉ በስተርጅና ሊፒስቲክ ጀመርሽ እንዴ እያለ ሲስቅባት፣ እሷ ከንፈሯን ሳትጠርግ አብራ ትስቅ ነበር።