ሸረፋ ቅቤ የተወ ጊዜ

ባሌ ሸረፋ ቡታጅራ ክትፎ ቤት አለው። እኔ መሕቡባ ሳልቀምስ ግን አንድ ጣባ ከጓዳ አይወጣም፤ ሰውዬው ጨው መመጠን አያውቅም። ቅቤ ላይ ብቻ እጁ አይሰስትም። ጎረቤታችን ዘርፈሽዋል የጾም ምግብ ስትሸጥ ባየ ቁጥር፣ ቅቤ የሌለው ምግብ የበሽተኛ ነው ይላታል።

በሽተኛዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

የደም ካንሰር ነው አሉኝና ወልቂጤ ሆስፒታል ተኛሁ። ዶክተር ሲና ቀስ ብላ አስረዳችን። ደም የሚወለደው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔ ላይ ነው። እዚያ ግንደ ህዋስ የሚባል እናት አለ፤ ቀዩንም ነጩንም፣ መድማት የሚያቆመውን ፕላትሌትንም የሚወልደው እሱ ነው። ከልጆቹ አንዱ ሳይበስል መባዛት ሲጀምር ቤቱን ሞልቶ ሌሎቹን መግቢያ ያሳጣል። ሸረፋ ከዚህ ሁሉ የያዘው መቅኔ የምትለዋን ብቻ ነበር። በማግስቱ የበሬ ቅልጥም ቀቅሎ ተሸክሞ መጣ። ምጠጪ ብሎ ድርቅ አለ። ድዴ እየደማ ምኑን ልምጠጥ፣ እናንተዬ?

ድዴ መድማቱን አላቆም አለ። ሲና ፕላትሌት ካልተሰጠኝ ጭንቅላቴ ውስጥም ሊደማ እንደሚችል ነገረችን። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ሸረፋ ሮጦ ሄዶ ደም የሚሰጡ ዘመዶችና ደንበኞች ከቡታጅራና ከእንሴኖ በሚኒባስ ጭኖ መጣ። እሱም ሊሰጥ ነው።

ግን ክትፎ ቤት ያለው ጉራጌ ሰውን በባዶ ሆዱ ይሸኛል? ደማቸው ይጠንክር ብሎ ከመነሳታቸው በፊት ቅቤ የሚዋኝበት ክትፎ አብልቷቸዋል። ራሱም በልቷል። የላብራቶሪው ዘመድኩን ለምርመራ ከየሰው ትንሽ ደም በብልቃጥ ቀድቶ በማሽኑ አሽከረከረው። ቀዩ ወደ ታች ዘቀጠ። ከላይ ቢጫ ውሃ መቅረት ሲገባው እንደ ወተት ነጣ። የሁሉም ነጣ፤ የባሌ ደግሞ ባሰ። ምን በልታችሁ ነው የመጣችሁት ሲላቸው ሁሉም ዞረው ሸረፋን አዩት። ቅቤው ከደማችሁ ይውጣና ነገ ተመለሱ ብሎ አሰናበታቸው።

ነገ ይላል እንዴ! እኔ ድዴን በጥጥ ይዣለሁ። ክትፎ የፈጠረውን እጅ ሁሉ ተሳደብኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሸረፋ ስልኩን አወጣ። ዘርፈሽዋል ጋ ደውሎ ለመናት። ሁዳዴ ስለነበር ሴትዮዋ ዘይት እንኳን ያልነካው ሽሮ በድስት ይዛ መጣች። "የበሽተኛ ምግብ መጣልህ" አለችው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ሳይሄዱ እዚያው ከቀሩት ሰዎች ጋር የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በላ። አንዱ የእንሴኖ ሰው ከጉያው ቅቤ የጠጣ ቆጮ ሲያወጣ ግን ነጥቆ ለውሻ ወረወረው።

በማግስቱ ብልቃጡ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ደም ሰጡ፤ ፕላትሌቱ ተለይቶ ተሰቀለልኝ። ማምሻውን ከአፌ ያወጣሁት ጥጥ ነጭ ነበር።

ሲና ጥሬ ሥጋ ከልክላኛለች። ስለዚህ ሸረፋ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ክትፎውን እስኪጠቁር አበሰለው። አንድ ማንኪያ አጎረሰኝ። መድኃኒቱ አፌን ጣዕም አሳጥቶት ስለነበር ጭድ ጭድ አለኝ። እሱ ትንፋሹን ይዞ አፍ አፌን ያያል።

"ጨው አንሶታል" አልኩት።

ማንኪያውን እንደያዘ እንባው ወረደ።

"አልሓምዱሊላህ" አለ። "አንሶታል።"