የበሰለች የደንብ ልብስ

«እህቷ ነኝ» አለች ሴትዮዋ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ።

መሪጌታ ገብረጻድቅ ቀና ብለው አዩዋት። ሟቿ ባለቤታቸው በሰለች እህት አልነበራትም። ቢሆንም አጠገባቸው እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት። ሠልስቱ ትናንት ወጥቶ የእድሩ አግዳሚዎች ከግማሽ በላይ ባዶ ሆነዋል፤ የአንኮበር ጉም እንዳሻው ይገባል ይወጣል።

«ከየት መጣሽ?»

«ከመዘዞ። አስካለ እባላለሁ። እህቷ ያልኩት በጦሩ ነው፤ ሬዲዮ ክፍል አብረን ነበርን።»

ከጋቢዋ ሥር ፌስታል አውጥታ ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። ውስጡ በሴት ልክ የተሰፋ፣ አረንጓዴው የነጣ የወታደር ኮትና ጉርድ ቀሚስ ነበር።

ወዲያው አወቁት። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን በሰለች ይህንን ለብሳ፣ እግሯ አብጦ፣ ደጃቸው ላይ ውሃ ለምናቸው ነበር። በሦስተኛው ወር አገቧት። ከሠርጉ በፊት ግን «አቃጥይው፤ ሰው ምን ይላል?» አሏት። ጓሮ ገብታ ጭስ ጭስ እየሸተተች ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የውትድርናዋ ወሬ በቤታቸው ተነስቶ አያውቅም።

«አቃጥላዋለች እኮ» አሉ።

«ያቃጠለችው ከጦሩ ይዛው የመጣችውን ብርድ ልብስ ነው። ይሄን እኔ ጋ አመጣችው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እየመጣች ትለብሰዋለች።»

«ግንቦትማ ጠበል ነበር የምትሄደው።»

አስካለ አንገቷን ደፋች። «በር ዘግተን ቁጭ እንላለን። የሞቱብንን ልጆች ስም እንጠራለን። ከዚያ አውልቃ፣ በካውያ ተኩሳ፣ አጥፋ ትሰጠኛለች።»

«እኔንስ ታነሳኝ ነበር?»

«ደግ ሰው ነው ትላለች። ምን ደርሶብሽ ነበር ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም ትላለች።»

መሪጌታ ጉርዱን ገለበጡት። ወገቡ ሦስት ጊዜ ተተርትሮ ተለቋል፤ የየጊዜው ክር የተለያየ ነው። ሰውነቷ እየጨመረ በሄደ ቁጥር በእጇ ስትለቀው ኖራለች።

ጎረቤታቸው አለምነህ ከወዲያኛው አግዳሚ አንገቱን አስግጎ፣ «የማን ልብስ ነው መሪጌታ?» አለ።

«የባለቤቴ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ወታደር ነበረች።»

አስካለም መኪና እንዳያመልጣት ጉልበታቸውን ስማ ተነሳች። ጥቂት ቆይቶ የቀሩትም አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» እያሉ ወጡ።

መሪጌታ ብቻቸውን ቀሩ። ኮቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከአንገትጌው ጀምረው ቁልፎቹን ይቆልፉ ጀመር። ጣታቸው በብርድ ደንዝዞ ነበርና የመጨረሻው ቁልፍ እምቢ አላቸው። እስኪገባላቸው ድረስ አልተነሱም።