የአያ ሀብተሥላሴ ልጅና ቢጫው ልብስ

አያ ሀብተሥላሴ ያን ሰሞን የጎንደርን ፒያሳ የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ልጁ እስጢፋኖስ ሦስት ሳምንት በሚፈጀው የብስክሌት ውድድር ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው አገር ለአገር እየዞሩ ወደኛ ሲመጡ፣ አንድ ቀን እንኳ አንደኛ አልወጣም። አንድ ቀን አራተኛ፣ አንድ ቀን ሦስተኛ። የአባትየው የልጅነት ጓደኛ፣ ጨርቅ ነጋዴው አያ አሊ፣ ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

«ሀብቴ! ልጅህ ዛሬም የሰው ጀርባ ሲጠብቅ ዋለ!»

«ቢጫ ልብስ አልብሰውታል እኮ።»

«እሱማ መኪና እንዳይገጨው ነው።»

እውነቱ ሌላ ነበር፣ ልጆቼ። በዚህ ውድድር የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፤ በድምሩ የቀደመው ቢጫውን ይለብሳል። እስጢፋኖስ ጉልበቱን እየቆጠበ ሁሉንም ይመራ ነበር። ለእኛ ግን ማን ነግሮን!

ውድድሩ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚመጡ ዕለት፣ አያ ሀብተሥላሴ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ወጥቶ ቆመ። ልጁ አምስተኛ ሆኖ ብቅ ሲል ዱላውን እየነቀነቀ ከጎኑ ሮጠ።

«ምነው ልጄ! ባገርህ እንኳ አታሳፍረኝ! ቅደም!»

ያባቱን ቃል የማያጥፍ ልጅ ነው። ያለ የሌለ ጉልበቱን አፍስሶ ፒያሳ አንደኛ ገባ። እልልታው ቀለጠ! አያ ሀብተሥላሴ ልጁ የተሸለመውን አበባ ይዞ አያ አሊ ሱቅ ፊት ለፊት ሲመላለስ አመሸ።

በማግሥቱ የመጨረሻው ቀን ውድድር አይከል ከተማ ደርሶ መልስ ነበር። ልጁ እግሩ እንጨት ሆኖበት ከኋላ እየተንፏቀቀ ገባ፤ ቢጫውም ለሌላ ተሰጠ። የውድድሩ ሰው በድምፅ ማጉያ የድምሩን ነገር ሲያስረዳ አያ ሀብተሥላሴ ክው አለ።

«አሊ፣ ተነሥ። ሽማግሌ ሁነኝ።»

ሁለቱ ተያይዘው ዳኛው ዘንድ ቀረቡ። አያ አሊ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ያሳሳተው ይህ ሽማግሌ ነው። የጎደለውን ሰዓት ከሱ ላይ አስቡት።»

«አባቴ፣ እሳቸው መች ተወዳደሩና?»

«ዳገቱን አብሮ ሮጧል እኮ!»

ዳኛው ሣቀ፤ ሰዓቱ ግን ፍንክች አላለም።

እስጢፋኖስ አስፋልቱ ዳር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ፣ ‹እየመራሁ ነው› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አባባ፣ ዳገት ላይ ነበርኩ። በየትኛው ትንፋሼ ልመልስልዎ?»

አያ ሀብተሥላሴ መሬት ቁጭ ብሎ የልጁን ባት ያሸው ጀመር። አያ አሊም ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሌላኛውን እግር ያዘ።