አንድ ጉንጭ ውሃ

ቄስ ሰውመሆን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ጀርባው ላይ ያሉት እማማ ወለተ ሚካኤል ደግሞ መንገድ ያሳዩታል።

"ወደ ግራ፣ አባቴ። ክትሩ ወደ ግራ ነው።"

"ግራው ቦዩ ነው፣ እማማ። ይኸን ማሳ ሩዝ የዘራሁበት እኮ እኔ ነኝ።"

"የዘሩትማ ሰኔ ላይ ነው። አሁን ያለው ጣና ነው።"

አልዋሹም። ነሐሴ ከገባ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። ርብ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከመንደሩ እስከ ሾላ ማርያም ጉብታ ድረስ የሚታየው የሩዙ ጫፍ ብቻ ነው። የመንደሩ ሁለት ታንኳዎች ገና በጠዋቱ ጎበዛዝቱን ጭነው ወደ አስፋልቱ ሄደዋል፤ ከወረታ የሚመጣውን የቤተ ክህነት ተወካይ መምህር እዮብን ሊቀበሉ። መምህር እዮብ የሚመጣው ደግሞ ቄስ ሰውመሆንን የሾላ ማርያም አስተዳዳሪ አድርጎ የሚሾመውን ደብዳቤ ከቅዳሴ በኋላ ሊያነብ ነው። አዲሱን አስተዳዳሪ ለማክበር ታንኳው ሁሉ ስለሄደ አዲሱ አስተዳዳሪ በእግሩ ቀረ። የእኛ መንደር ሰው ሲያከብር እንዲህ ነው።

(ፊት ለፊት "አባታችን" እንለዋለን። ከኋላው ግን አብረን ያደግን ስለሆንን "እሱ" ነው፤ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።)

ጉልበት ያለው ሁሉ ቀደም ብሎ ተሻግሯል። እማማ ወለተ ሚካኤል ግን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ፍልሰታን ደግሞ አንድ ቀን አስታጉለው አያውቁም። ቄሱ ሲደርስ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከውሃው ዳር ቆመዋል። አልለመኑትም። ውሃውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ እንደገና ውሃውን አዩ። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው።

እየረገጠ ከሄደበት የአፈር ክትር ጫፍ በሬ የደረመሰው ቦታ ነበር። እግሩ ከዳውና ቦዩ ውስጥ ገባ። ውሃው ራሱን ሲውጠው እጆቹ ግን አልለቀቁም፤ እማማን እንደ እንስራ ወደ ላይ አንስቶ ያዛቸው። ዳር ረግጦ ብቅ ሲል በአፉ የነበረውን ተፋ። አንድ ጉንጭ ግን ቀድማ ወርዳለች፤ ጭቃ ጭቃ፣ ገለባ ገለባ የምትል ጉንጭ።

"ተጎዱ እንዴ፣ እማማ?" አለ እያሳለ።

"እኔማ አፌም አልረጠበ። እርስዎ ጠጡልኝ እንጂ።"

ሁለቱም የገባቸው በአንድ ጊዜ ነበር። የሚቀድስ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም በጉሮሮው አይወርድም፤ ሳያስበው የወረደም ቢሆን የዚያን ቀን ከመቅደስ ያስቀረዋል። ጣራ ገዳም አጠገብ ቅዳሴ ያስተማሩት የኔታ የቅዳሴ ቀን ፊታቸውን ሲያብሱ እንኳ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ደረቁ መሬት ላይ ሲያወርዳቸው እማማ ወለተ ሚካኤል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እኔ እንደሆን ምንም አላየሁም" አሉ። "ጀርባዎ ላይ ነበርኩ። የጀርባ ሰው ጉሮሮ አያይም።"

ቄስ ሰውመሆን ጉብታውን የወጣው ልብሱ እየተንጠባጠበ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ልጆች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ አርባ ይሆናሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ትንንሾቹ ተደጋግፈው አንቀላፍተዋል፤ ተለቅ ያሉት ለመቁረብ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጥላ ይለካሉ።

በልቡ ቆጠረ። ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይሆንም። ዲያቆናቱ ሦስቱም አሉ። ከቄሶቹ ቄስ ይሁኔ አለ። ሌላኛው ልጁን ሊጠይቅ ሐሙሲት ሄዶ ውሃ አግቶታል። ሦስተኛው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም አንድ ጉንጭ የጠጣው።

አንድ ቄስ ይቀራል፣ ቄስ የኋላሸት። እሳቸውን ግን ማንም አይቆጥራቸውም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። የቀድሞው አስተዳዳሪ ሲያርፉ ቦታው የእሳቸው መስሏቸው ነበር፤ እኛም መስሎን ነበር። ሰበካ ጉባኤው ግን ተሰብስቦ፣ "ሜዳው ሰፊ ነው፣ ታማሚው ብዙ ነው፣ እግር ያለው ይሁን" ብሎ ቄስ ሰውመሆንን መረጠ። ቄስ የኋላሸትም፣ "እንግዲያ በእግሩ ይቀድስላችሁ፤ እሱ በሚመራበት ቅዳሴ አልገባም" አሉ። ቃሉ በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰ። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ይቆማሉ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ይሄዳሉ።

ዝም ቢልስ? ማን ያውቃል? ልጆቹ ይቆርባሉ፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ ንስሐውን ከነፍስ አባቱ ጋር ይጨርሳል። ደግሞ ቤቱ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለአስተዳዳሪው የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ውሃ ደርሶበት አያውቅም። ሚስቱ አመተ ሥላሴ ክረምት በገባ ቁጥር አልጋዋን ድንጋይ ላይ ሰቅላ፣ ዶሮዎቿን ቆጥ ላይ አስፍራ ነው የምትከርመው። ዘንድሮ ወደዚህ ለመግባት ሰፌዷንና ድስቷን በገመድ አስራ ካስቀመጠች ሳምንት ሆኗታል።

እሷም ከሴቶቹ መካከል አይታው መጣች። ጥምጥሙን ልታስተካክልለት እጇን ስትዘረጋ ጨርቁ እስከ ጫፉ ርሶ አገኘችው። ፊቱን አየችው። የቄስ ሚስት ናት፣ ብዙ አትጠይቅም።

"ስንት ጉንጭ?" አለች።

"አንድ።"

አመተ ሥላሴ ወደ ቆርቆሮው ቤት ዘወር ብላ አየች። ቆርቆሮው ታጥቦ ያበራል። ጥምጥሙን ጨምቃ መለሰችለት።

"አንድም ቢሆን ጉንጭ ነው" ብላ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ቄስ የኋላሸት ሾላው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ቄስ ሰውመሆን እጅ ነሥቶ ቀረበ። ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ ሲያልፍ ከሩቅ ራሱን ዝቅ እያደረገ ነበር እንጂ እንዲህ ተጠግቷቸው አያውቅም።

"አባ፣ ዛሬ እርስዎ ይግቡልኝ።"

"ወዴት?"

"መቅደስ። ቦይ ውስጥ ወድቄ ውሃ ዋጥኩ።"

ሽማግሌው ከጭቃማው እግሩ ጀምረው እስከ ራሱ አዩት።

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

"አዝለህ ያመጣሃቸው ሴትዮስ?"

"'የጀርባ ሰው ጉሮሮ አያይም' ነው የሚሉት።"

የቄስ የኋላሸት ጢም ነቅነቅ አለ። ሳቅ ይሁን ቁጣ አይለይም።

"ደብዳቤው የሚነበበው ዛሬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ለመምህሩ፣ 'የመረጣችሁት ሰው በሹመቱ ቀን ከውጭ ቆሞ ዋለ፤ እስቲ እንደገና አስቡበት' ብላቸውስ?"

ቄስ ሰውመሆን ወደ ግድግዳው ዞረ። አንዷ ልጅ እንቅልፍ ጥሏት የታላቅ እህቷ ጭን ላይ ወድቃለች።

"የፈለጉትን ይበሉ፣ አባ። እነዚያ ግን ከትናንት ጀምሮ ጾማቸውን ናቸው። ያልተዘጋጁ እንደሆነም ይንገሩኝና ልሸኛቸው።"

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ተዘጋጅቼ ነው የምመጣው" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰባት ቀን። ከመካከላችሁ አንዱ፣ 'አባ ይግቡ' ቢለኝ ብዬ።"

"አልገባም ብለዋል ሲባል ሰምተን ነው እኮ።"

"ብያለሁ። ያልኩትንማ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። የጠየቀኝ ነው የጠፋው።"

ቄስ ሰውመሆን አፈረ። ከቦዩ ሲወጣ ያልተሰማው ብርድ አሁን ተሰማው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"ይፍቱኝ፣ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። በል ተነሥ፣ ልብሰ ተክህኖውን ያውጡልኝ። ይሁኔ ብቻውን ከሆነ ዜማውን እያንቀላፋ ነው የሚያደርሰው።"

መምህር እዮብ በታንኳ የደረሰው ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቄስ ሰውመሆን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሟል፤ እህል የቀመሱት፣ ታማሚዎችና የሚያጠቡ እናቶች ከሚቆሙበት። ሹክሹክታው ወዲያው ተነሣ። አንዷ፣ አዲሱ አስተዳዳሪ ምን ቢያጠፋ ነው ከእኛ ጋር የቆመ አለች። ሌላዋ ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል አለች። ሦስተኛዋ፣ ድሮም ፊቱን አልወደድኩትም ስትል ተሰማ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ስትመርቀው ነበር። እሱ ሁሉንም ሰማ።

ከውስጥ የቄስ የኋላሸት ድምፅ መጣ። ሰባት ቀን ሾላ ሥር የከረመ ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ሻከር አለ፣ ከዚያ ተፈታ። አዛውንቶቹ ቀና ቀና አሉ። ቄስ ሰውመሆን ወደ መሬት እያየ ያዳምጣል። እማማ ወለተ ሚካኤል በተራቸው ገብተው ቆረቡ። ልጆቹም አንድ በአንድ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። እሱ ይቆጥራቸዋል። ሠላሳ ስምንት። አርባ አንድ። የመጨረሻዋ ያች ጭን ላይ የተኛችው ናት፤ ዓይኗ ገና እንቅልፍ አልለቀቀውም። ያን ጊዜ ትከሻው ዝቅ አለ፤ እማማን ከጀርባው ሲያወርድ እንኳ እንዲህ ቀለል አላለውም።

ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ሲሰበሰብ መምህር እዮብ ደብዳቤውን ከፕላስቲክ ከረጢት አወጣ።

"ቄስ ሰውመሆን የትኛው ናቸው?" አለ ወደ መቅደሱ እያየ።

"እዚህ ነኝ" አለ ቄሱ ከሚያጠቡት እናቶች መካከል።

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ።

"ምነው ከዚያ? የሚቀድሱት እርስዎ ነዎት ብለውኝ ነበር።"

ቄስ ሰውመሆን ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስሻገር ቦይ ውስጥ ወድቄ ውሃ ዋጥኩ፣ መምህር። አባ የኋላሸት ናቸው የገቡልኝ።"

መምህር እዮብ ደብዳቤውን ይዞ ማንን ማየት እንዳለበት ግራ ገባው። ከዚያ ቄስ የኋላሸት ገና ልብሰ ተክህኖውን ሳያወልቁ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። አመተ ሥላሴ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ሽማግሌው ያሻቸውን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም፣ ሁሉም ያውቃል።

"ያንብቡት፣ መምህር" አሉ። "ጠጥቶ ዝም ያለማ ስንቱን አይተናል። ጠጥቶ የተናገረ ይኸ የመጀመሪያው ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ወለተ ሚካኤል ናቸው፣ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ድሮም ፊቱን አልወደድኩትም ያለችውም ጭምር። ደብዳቤው በእልልታ መካከል ስለተነበበ ግማሹን ማንም አልሰማውም።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ የቆርቆሮውን ቤት ቁልፍ በክር አንጠልጥሎ አመጣና ለቄስ ሰውመሆን ሰጠው። ሕዝቡ ወደ ውሃው መውረድ ጀምሯል። ከጣና በኩል ደመናው ጠቁሯል። አራት አምስት አዛውንቶች የታንኳው ተራ እስኪደርሳቸው ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እማማ ወለተ ሚካኤልም ጫማቸውን እንደገና በእጃቸው ይዘዋል። ፍልሰታ ሊፈታ ገና ስምንት ቀን ይቀራል።

ቄስ ሰውመሆን ቁልፉን በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ከዚያ አመተ ሥላሴን አየ። እሷም ካየችው ቆይታለች። በገመድ የታሰሩት ሰፌድና ድስት ትዝ ሳይሏት አልቀረም።

"እስከ ፍቺው ብቻ ነው" አለች።

"እስከ ፍቺው" አለ።

ውሃው ዳር ወርዶ ቁልፉን በእማማ ወለተ ሚካኤል እጅ ላይ አኖረው። ሁለት ክፍል ነው፣ እስከ ፍቺው ማንም አዛውንት እንዳይሻገር፣ እንጨትና ሽሮ እኛ እናመላልሳለን አላቸው። እማማ ቁልፉን ወደ ብርሃን አንስተው መረመሩት።

"ነገ ማንን ሊያዝሉ ነው ታዲያ?" አሉት።

"ነገ ባዶዬን ነው የምመጣ።"

"ባዶዎንም ቢሆን አፍዎን ይዝጉ።"

ቄስ ሰውመሆን ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ገባ። አመተ ሥላሴ ትከሻውን ይዛ ከኋላው ተከተለችው። የጠዋቱ ቦይ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ በእግሩ የተደረመሰውን ቦታ ፈለገና ዞሮ አለፈው፤ አፉን ግጥም አድርጎ እንደዘጋ።