የዲያቆን ልደቱ አብሾ

ደባርቅ ችሎት ስቀመጥ በመስኮቱ ጉም ይገባል። መዝገቡ ላይ የሚተኛ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይሰማኛል። የዚያን ዕለት ጠዋትም እንዲሁ ነበር።

ከፊቴ የቆመው ዲያቆን ልደቱ ነው። ዳባት ላይ በጽዋ ማኅበር ጠላ ቀምሶ የጎረቤቱን ግንባር በመቋሚያው ፈንክቷል። እሑድ ሠርጉ ነው፤ ሙሽራዋ በየዳ ወረዳ ትጠብቀዋለች።

መርማሪ ፖሊሱ አለምነህ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተጠርጣሪው አብሾ ሳይጠጣ አይቀርም። ደሙና ሽንቱ ተመርምሮ ውጤቱ ከጎንደር እስኪመጣ ዋስትና ተከልክሎ አሥራ አራት ቀን ይፈቀድልን።»

አብሾ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው የሚጠጣው መድኃኒት ነው። የጠጣ ሰው ጠላ ከቀመሰ ይነሣበታል ይባላል። ከዓመታት በፊት የተጠጣን ቅጠል ግን የትኛው ሽንት ይናገራል?

ባልደረባዬ ዳኛ ሕሊና በዋዜማው የፖሊሱን ማመልከቻ አይታ፣ «ጋሼ ክንዴ፣ እኔ ብሆን ሁሉንም አስመረምር ነበር። የሚደብቀው ከሌለ ምን ያስፈራዋል?» ብላኝ ነበር። ተናደድሁ። ያልተፈረደበት ሰው ደም እንደ ኪስ ይፈተሻል እንዴ? ይህን አላልኋትም። ፈርቼ ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ የኔታ አብሾውን በቅል ሰጡኝ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ፊደሎቹ ከብራናው ተነሥተው ጎጆዋን ሲዞሩ፣ ዳዊቱን ራሳቸው ሲያነቡልኝ ሰማሁ። እንዴት ደስ ይል ነበር! ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ጠላ በአፌ አልዞረም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨጓራ አለብኝ» እላለሁ። ባለቤቴ እንኳ ሌላ አታውቅም።

«አብሾ ጠጥተሃል?» አልሁት ልደቱን።

«ጠጥቻለሁ፣ ጌታዬ። የኔታ የሰጡኝን እንዴት እክዳለሁ? ጥፋቴ ጠላው ነው።»

አፈርሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

«ምርመራው አልተፈቀደም። በዋስ ይውጣ፤ እስከ ቀጠሮው መጠጥ እንዳይቀምስ» አልሁ።

አለምነህ እንደ ቆመ ቀረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አብሾ ያለበት ሰው እንዴት ይታመናል?»

ጉሙ ፊቱን ሸፍኖታል። ምናልባትም ለዚህ ነው የደፈርሁት።

«እኔም ጠጥቻለሁ» አልሁ። «ይኸው ሃያ ዓመት አምናችሁኝ ስትዳኙ ኖራችኋል።»

ልደቱ ቀና ብሎ አየኝ። ጸሐፊዋ ፀጋ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህም ይጻፍ?»

«ይጻፍ» አልኋት። ለባለቤቴ ምን እንደምላት ግን ገና አላሰብሁም ነበር።