ማብላያው በእራት ገበታ ላይ

ልጄ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ድጎማ ትመረምራለች። ባሏ ደግሞ በዚያው ድጎማ የሚተነፍስ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ መሐንዲስ ነው። እሷ ልትቆርጠው ቢላ ስትስልበት የምትውለውን ገንዘብ፣ እሱ በወር መጨረሻ ደመወዝ ብሎ ይዞላት ይገባል። እኔ እናቷ አብሬያቸው እየኖርኩ ይህ ትዳር እስካሁን አልገባኝም።

እራት ላይ ጭቅጭቃቸው ሲያሰለቸኝ ሕግ አወጣሁ፤ የኒውክሌር ነዳጁ የሚብላላበትን የማመንጫውን እምብርት፣ ማብላያ የምትለዋን ቃል ያነሣ ሰው ሳህን ያጥባል። ከዚያ ወዲህ እጄ ውሃ ነክቶ አያውቅም።

"እማማ፣ እስቲ ይፍረዱን" ይላል አማቼ እጅጌውን እየሰበሰበ። "ትልቁ ወጪ ማብላያውን መገንባቱ ነበር። ብድሩ ተወስዷል፣ ሕንፃው ቆሟል፣ ነዳጁ ኢምንት ነው። አሁን መዝጋት ደግሶ እንግዳን ከበር መመለስ ነው።"

"ድግሱ አላልቅ አለ እንጂ" ትላለች ልጄ። "ጥገናው፣ ጥበቃው፣ የጨረር ቆሻሻው ማስቀመጫ። የነፋሱ መብራት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።"

"ነፋሱ ጸጥ ያለ ዕለት ሻማ ልትለኩሺ ነው?"

እኔ እስቃለሁ እንጂ ሆዴ ይፈራ ነበር። ማመንጫው ከተዘጋ አማቼ ሥራ የሚያገኘው ባሕር ማዶ ነው፤ ልጄም የልጅ ልጄም ተከትለውት ይሄዳሉ፣ እኔ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው። ያም ሆኖ እሱን መጎንተል አልተውኩም። "የመንግሥት ጡት አልጥል ያልክ" እለዋለሁ።

የማመንጫው ድጎማ ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን ማታ ሁለቱም ማብላያውን ሳያነሡ በሉ። ይህ ከጭቅጭቁ ባሰብኝ።

"ማብላያው ሊዘጋ ነው ወይ?" አልኩ የገዛ ሕጌን ጥሼ።

"አይዘጋም፤ ድጎማው ይቀጥላል" አለች ልጄ። "የወሰንኩት ግን እኔ አይደለሁም። ባልሽ እዚያ እየሠራ እንዴት ትፈርጃለሽ ብለው ከጉዳዩ አነሡኝ። ክፍልም ቀየሩኝ።"

ተነሥቼ ሁለቱንም አገላብጬ ሳምኳቸው። እንዲህ ደስ ያለኝ የልጅ ልጄ የተወለደ ቀን ነው።

"የት መደቡሽ ታዲያ?"

ልጄ አቀርቅራ ባዶ ሳህኗን በማንኪያ ታማስል ጀመር። "የጡረተኞች የመብራት ድጎማ ላይ ነው፣ እማዬ። በዝቷል፣ ቀንሺው ብለውኛል።"

በዚያ ቤት ጡረተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ። አማቼ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"አይዞዎት እማማ" አለኝ፣ "እኔ ያለፍኩበት ነው። ምን ምን እንደምትጠይቅዎት አስጠናዎታለሁ።"